የጓዳው አደራ

ዘውድነሽ ሰው ቤት ጠግባ በልታ አታውቅም። ካስገደዷት ሁለት ጉርሻ ቀምሳ "አሁን ነው የበላሁት፣ ሆዴ ሙሉ ነው" ትላለች። ውሸቷን ነው። አንጀቷ እየጮኸ ወደ ቤቷ ትመለሳለች እንጂ ከሰው ማዕድ ላይ እጇ ሲመላለስ እንዲታይ አትፈልግም። የሚወዷት ኩሩ ይሏታል፣ የማይወዷት ቋጣሪ። ከኮተቤ መንገድ ተገንጥሎ ወደ እንጦጦ ተራራ በሚወጣው ኮብልስቶን ላይ ሱቅ ካላቸው ነጋዴዎች መካከል ግን "ዘውድነሽ የሰው ገንዘብ ነካች" የሚል አንድም ሰው አይገኝም። ይሄ ደግሞ በነጋዴ ሰፈር ትንሽ ነገር አይደለም።

እንዲህ ያደረጋት የወንድሟ ቤት ነው። ባሏ የሞተባት በወጣትነቷ ሲሆን ልጅ አልወለደችለትም ነበር። ሐዘኑ ሲያበቃ ታላቅ ወንድሟ ገበየሁ ከሶዶ አምጥቶ አያት ሰፈር ያለው ቤቱ አስገባት። ገበየሁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ተጣልታው በወጣች ነበር። ጫማ ይገዛላታል፣ ቀለሙን የሚመርጠው ግን እሱ ነው። የታክሲ ይሰጣታል፣ ወዴት እንደምትሄድ ግን ይጠይቃታል። አንድ ደህና ሰው ለትዳር ሲጠይቃት "እህቴ ለጊዜው ይህን አታስብም" ብሎ የመለሰው ገበየሁ ነው፤ እሷ ወሬውን የሰማችው ሰውየው ሌላ ካገባ በኋላ ነበር። ያን ቀን ወጥ ቤት ገብታ ድስት ስታጥብ ውላለች። "ያጎረሰሽ እጅ አፍሽንም ይዘጋዋል" ትላለች እስከ ዛሬ፣ ነገሩ በተነሳ ቁጥር።

የሰው ልብስ እያጠበች ገበየሁ ሳያውቅ ዕቁብ ገባች። ዕጣው በወጣላት ሳምንት ኮተቤ ወጣች፤ ከዳገቱ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ጥግ፣ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ተከራየች። የፊቱን ክፍል ሱቅ አደረገችው፤ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳፋ፣ መጥረጊያና የመሳሰለውን ሸቀጠችበት። ከኋላ ደግሞ ለቤቱ የማይመጥን ሰፊ ጓዳ ነበረው፤ ድሮ ባለቤቱ የእህል ነጋዴ ስለነበሩ ጣሪያው አያፈስ፣ ግድግዳው እርጥበት አያስገባ። ዘውድነሽ ከጓዳው ጥግ አልጋዋን ዘረጋች፤ የቀረው ባዶ ነበር። ገበየሁ መጥቶ አይቶ "እዚህ ዳገት ላይ ማን ይገዛሻል? ያቃተሽ ቀን ክፍልሽ እንዳለ ነው" ብሏት ሄደ። እውነቱን ነበር፤ ክፍሏን ለሌላ ሰው አልሰጠውም። ያ ክፍል እዚያ አያት ውስጥ ባዶውን እየጠበቃት መሆኑን እያሰበች ከአሥር ዓመት በላይ ባልዲ ሸጠች።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነጋዴው ወረዳ አዳራሽ ተጠራ። ከክፍለ ከተማ የመጣው ኃላፊ ማይክራፎኑን ሁለቴ በጣቱ መታ አድርጎ ስለ ግብር ማስረዳት ያዘ። ክልሎች በጀታቸውን የሚሞሉት ከፌዴራል መንግሥት በሚሰጣቸው ድጎማ ነው አለ። "አዲስ አበባ ግን የማንንም እጅ አታይም! መንገዷንም፣ ትምህርት ቤቷንም፣ የመምህሯንም ደሞዝ የምትሸፍነው ከራሷ ገቢ ነው። ከራሷ ገቢ ማለት ከእናንተ ነው። እናንተ ባትከፍሉ ይህች ከተማ ነገ የሰው ፊት ታያለች!"

ከኋላ ወንበር አንዱ "እኛንስ ማን ይደጉመን?" ብሎ ጮኸና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘውድነሽ ግን አልሳቀችም። ድጎማ የሚባለውን ነገር እሷ ከኃላፊው በፊት ታውቀዋለች፤ ጫማ አድርጋው ሄዳበታለች። የማንንም እጅ የማታይ ከተማ! ደረቷ ሞቀና አጨበጨበች። አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨበችው ብቻዋን ነበር።

ከጎኗ የተቀመጡት ጋሽ ኢታና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። "ዘውዴ፣ የሚያወሩት እኮ ስለ ኪስሽ ነው። ለገዛ ሌባሽ ታጨበጭቢያለሽ?"

"ራሱን የቻለ ሰው ደስ ይለኛል፣ ጋሼ።"

"ከተማ ሰው መሰለሽ?" አሉና ሳቁ።

ጋሽ ኢታና የዳገቱ ትልቅ ነጋዴ ናቸው። የውሃ ፓምፕ ይሸጣሉ። ከዚያ ተራራ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ጉልበት የለውም፤ ስለዚህ ቤት የሠራ ሁሉ አንድ ቀን እሳቸው በር ላይ መቆሙ አይቀርም። ሽማግሌ ናቸው፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ነጋዴውም ተወካዩ አድርጎ የመረጠው እሳቸውን ነው። ከእሳቸው ሱቅ ፊት ለፊት ደግሞ ብርድ ልብስና መጋረጃ የምትሸጠው የማርያምወርቅ አለች፤ አፏ የማያርፍ፣ እጇም ለመስጠት የማይሰስት ሴት። ዘውድነሽ ሆዷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ሱቋን ተራ በተራ እየከፈቱ የሸጡላት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከሆስፒታል ስትወጣ ገንዘቡን በጨርቅ ቋጥረው ሰጧት፤ አንድ ብር አልጎደለም። ቤቱን ለቃ ከወጣች ወዲህ ከወንድሟ አንድ ጫማ አልቀበልም ያለች ሴት ያንን ተቀበለች። እሱንም "ድጎማ" ብላ አልጠራችውም። ለምን እንደሆነ አስባበት አታውቅም።

ከአዳራሹ ስብሰባ በኋላ "ገማቾች ሊመጡ ነው" የሚል ወሬ ዳገቱን ወጣ። ደረሰኝ የማይቆርጥ ትንሽ ነጋዴ ግብሩ የሚተመነው በግምት ነው። ገማቾቹ መጥተው መደርደሪያውን በዓይናቸው ይቃኙና "ይሄ ሱቅ በቀን ይህን ያህል ይሸጣል" ይላሉ፤ ግብሩም በዚያ ላይ ይሰላል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ሱቅ ሁሉ እንደ ዐቢይ ጾም ሆድ ይከሳል። ዕቃው ዘመድ ቤት፣ ጎረቤት ቤት፣ አልጋ ሥር ይገባና ገማቾቹ ሲሄዱ ተመልሶ ይወጣል። ይህን የማያደርግ ነጋዴ እንደ ሞኝ ነው የሚቆጠረው።

ጋሽ ኢታና አመሻሽ ላይ ወደ ዘውድነሽ ሱቅ መጡ። መጀመሪያ ስለ ጤናዋ ጠየቁ። ቀጥለው ስለ ዝናቡ አወሩ። ከዚያ "ጓዳሽ ሰፊ ነው" አሉ።

ዘውድነሽ ገባት። "ጋሼ፣ ሁላችንም ከደበቅን ከተማዋ ከማን ታገኛለች? ወደ ወንድሟ ቤት ትመለስ?"

"ስሚኝ ልጄ" አሉ፤ ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ። "አንድ ፓምፕ መደርደሪያዬ ላይ ስንት ወር ይቀመጣል? ክረምት ሲገባ ማን ይገዛኛል? እነሱ ግን ዕቃውን አይተው በየቀኑ የምሸጠው ይመስላቸዋል። የተቀመጠ ዕቃና የተሸጠ ዕቃ አንድ ነው? የሸጥኩትን ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር። የሚገምቱት በዓይን ነው። እኔም ከዓይናቸው ዘወር አደርገዋለሁ። ያንቺን ጓዳ ማንም አያየውም፤ ባልዲ ሻጭ ነሽ።"

ዘውድነሽ እምቢ ማለት ፈለገች። አፏን ስትከፍት ግን ያ በጨርቅ የተቋጠረ ገንዘብ ትዝ አላት። ይሉኝታ ያዛት። "እሺ" አለች።

"አደራ እንግዲህ" አሉ ጋሽ ኢታና።

"አደራ" አለች።

በማግስቱ የማርያምወርቅ መጣች፤ ለአንዱ እሺ ብላ ለሌላዋ እምቢ ማለት አልሆነላትም። ጓዳው በፓምፕ ካርቶንና በብርድ ልብስ ጥቅል እስከ ጣሪያው ሞላ። ዘውድነሽ ወደ አልጋዋ ለመድረስ ጎኗን አዙራ ማለፍ ጀመረች። እንቅልፏም ሸሸ። በራሷ ቤት እንደ እንግዳ ተጠንቅቃ እየተኛች "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቤቴን ሞልቼ ቢሆን ኖሮ ቦታ የለኝም እል ነበር" ትል ነበር ለራሷ።

ገማቾቹ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከታች፣ ከአስፋልቱ ነው። ወደ ላይ እስኪደርሱ ይደክማቸዋል፤ የዘውድነሽን ሱቅ ከበር ሆነው ቃኝተው ይሄዳሉ። የዚያን ቀን ግን የታችኛው መንገድ ለቧንቧ ተቆፍሮ ስለነበር በመኪና ዞረው ከላይ መጡ። ሦስት ነበሩ፤ ከገቢዎች የተላከችው ሩሃማ፣ ከወረዳው የመጣ ፋኑኤል የሚባል ወጣት፣ ሦስተኛው ደግሞ የነጋዴው ተወካይ ጋሽ ኢታና። የመጀመሪያው ሱቅ የዘውድነሽ ሆነ።

ያም ሆኖ ነገሩ በሰላም ባለፈ ነበር። ሩሃማ ከደጅ ቆማ ባልዲዎቹን አየች፣ ጀሪካኖቹን አየች፣ ታብሌቷ ላይ የሆነ ነገር ነካካች። ልትሄድ ስትዞር የግንቦት ዝናብ ድንገት ወረደ። ዘውድነሽ ደግሞ እንግዳ ደጇ ላይ ዝናብ ሲመታው ዝም ብላ የምታይ ሴት አይደለችም።

"ግቡ እንጂ! ኧረ ግቡ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!"

ጋሽ ኢታና ከኋላ ሆነው ዓይናቸውን አፈጠጡባት፤ ቃሉ ግን ከአፏ ወጥቷል። ሦስቱም ገቡ። ሱቁ ሦስት ሰው አይችልም፤ ሩሃማ ሳፋዎቹን ላለመርገጥ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስትል መጋረጃው በትከሻዋ ተገለጠ። ዞር ብላ አየች። ከዚያ መጋረጃውን ጭራሽ ሰበሰበችው።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይጮኻል። ጓዳው ውስጥ ካርቶኑ እንደ ግድግዳ ቆሟል።

"እትዬ ዘውድነሽ" አለች ሩሃማ፣ ድምጿን ሳትጨምር፣ "ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው?"

ዘውድነሽ "የኔ ነው" ብትል ያ ሁሉ ፓምፕና ብርድ ልብስ በስሟ ይገመታል፤ የጅምላ ነጋዴ ግብር ይመጣባታል፤ ሱቁ እስከ መስከረም አይቆይም፤ ከዚያ በኋላ የሚቀራት አያት ያለው ክፍል ነው። "የጋሽ ኢታና ነው" ብትል አደራ አወጣች። ስለዚህ ሦስተኛውን ጠበቀች፤ ጋሽ ኢታና ራሳቸው እንዲናገሩ። አየቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ዝናብ አልነካውም፤ ይጠርጋሉ።

"የአደራ ነው" አለች በመጨረሻ።

"የማን?"

"አደራ ያስቀመጠው ሰው ይናገር። እኔ አልናገርም።"

ፋኑኤል ሳቀ። "ባለቤቱ ማን ነው ታዲያ? ሰማይ ቤት ነው ያለው?"

ሩሃማ አልሳቀችም። ወጣት ናት፤ ፊቷ ላይ ግን የብዙ ሱቅ ውሸት የሰማ ሰው ድካም ነበር። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስቶር ውስጥ የተገኘ ዕቃ የባለ ሱቁ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ይሄን መንገድ ጨርሰን እስክንመለስ ባለቤቱ ከቀረበ ጥሩ፣ ካልቀረበ በስምዎ አስገባዋለሁ።" ከዚያ ወደ ተወካዩ ዞረች። "ጋሽ ኢታና፣ ይስማማሉ?"

ጋሽ ኢታና መነጽራቸውን አደረጉ። "ሕጉ ከሆነ እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል" አሉ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ወጥተው ሄዱ። ዘውድነሽ ባልዲዎቿ መካከል ቆማ ቀረች። ሽማግሌ ናቸው፣ ምናልባት ድንጋጤ ይሆናል፣ ሰው ፊት አፍረው ይሆናል፣ አሁን ተመልሰው ይነግሯቸዋል እያለች በሩን አየች። ማንም አልተመለሰም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ የማርያምወርቅ ሱቅ ወረደች።

"ሰማሁ" አለች የማርያምወርቅ፣ ገና ሳትገባ። "ወይኔ ጉዴ፣ ሰማሁ! ምን ሆነሽ ነው ግቡ ያልሻቸው?"

"ተናገሪ፣ የማርያምወርቅ። የኔ ነው በይ።"

"ጋሽ ኢታና ይናገሩና እኔም እናገራለሁ። ብቻዬን ልቀጣ? አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ። ጋሽ ኢታና ሲያልፉ ገባ ብለው ተነጋግረናል። የሚመጣብሽን ግብር እኛ እናዋጣልሻለን። በየዓመቱ። አንቺ ዝም ማለት ብቻ ነው።"

በየዓመቱ። ዘውድነሽ ቃሉን ስትሰማ እግሯ ላይ ያ ወንድሟ የመረጠው ጫማ ያለ መሰላት። በየዓመቱ ያዋጣሉ፣ በየዓመቱ ጓዳዋን ይሞላሉ፣ በየዓመቱ እሷ ዝም ትላለች። ሱቁ በስሟ ይሆናል፣ የሚያድርበት ግን የእነሱ ዕቃ፣ የሚከፈልበት የእነሱ ገንዘብ። ከአያት ወጥታ ዳገት ላይ ሌላ አያት ሠርታ ኖሯል!

"አልፈልግም" አለች።

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?"

"አደራ ይመለሳላ" አለች ዘውድነሽ። "ምን ይደረጋል አደራ? ለባለቤቱ ይመለሳል።"

ከመንገዱ ጫፍ ሸክም የሚጠብቀውን ባለጋሪውን ጉዲሳን ጠራችው። ጉዲሳ ጓዳውን አይቶ አፉን ያዘ፤ ግን የሚከፈለው ሰው ነውና ካርቶኖቹን ጭኖ ጋሪውን እየገፋ ቁልቁል ተከተላት። ፀሐይ ወጥታ ኮብልስቶኑ ያብረቀርቃል። የጋሪው ጎማ ድንጋዩ ላይ ሲንጓጓ ነጋዴው አንድ በአንድ ወደ በሩ ወጣ። ምን እየሆነ እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። የማርያምወርቅ የሱቋን መዝጊያ እስከ ግማሽ ድረስ አወረደችው።

ገማቾቹ ጋሽ ኢታና ሱቅ ውስጥ ናቸው። መደርደሪያው ላይ ሦስት ቧንቧና አንድ አቧራ የጠጣ ፓምፕ ብቻ ቀርቷል። ጋሽ ኢታና "ሥራ ሞቷል፣ ሩሃማ፣ ምን እሸጣለሁ" እያሉ ነበር ጋሪው በሩ ላይ ሲቆም።

"ጋሽ ኢታና" አለች ዘውድነሽ። ድምጿ ቀጠነባት። "አደራዎን ይረከቡኝ።"

"የምን አደራ?"

"ያስቀመጡትን።"

ጋሽ ኢታና ጋሪውን አዩ፤ ሩሃማን አዩ፤ ከየበሩ የቆመውን ሰው አዩ። ተወካይ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው። በዚያች ቅጽበት "የኔ ነው" ማለት ያ ሁሉ ስም ሲረግፍ ቆሞ ማየት ነው። "ይሄን ዕቃ አላውቀውም" አሉ።

ዘውድነሽ ልቧ ሲሰበር ተሰማት፤ የነደዳት እንኳ ከዚያ በኋላ ነው። የሰው አደራ የሚበላ አለ፤ እሱ ስምም አለው፣ አደራ በላ ይባላል። የገዛ አደራውን የሚክድ ሰው ግን ምን እንደሚባል አታውቅም። ከእናቷም አልሰማችም።

"አያውቁትም?"

"አላልኩሽም? አላውቀውም።"

ሩሃማ በቀስታ "እንግዲህ እትዬ፣ የእርስዎ ነው ማለት ነው" አለች።

ዘውድነሽ ቀጥሎ ያደረገችውን አስባበት አልነበረም። ከጋሪው ላይ አንዱን ካርቶን በሁለት እጇ ጎትታ አወረደችና መንገዱ መሃል አስቀመጠችው። "የኔ ከሆነ እሸጠዋለሁ!" ብላ ጮኸች። "ፓምፕ! አዲስ ፓምፕ! በግማሽ ዋጋ!"

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ከላይ ቤት የሚያሠራ ጆኒ የሚባል ጎልማሳ ሲሚንቶ የነካውን ሱሪውን እያራገፈ ከሰው መሃል ወጣ። ካርቶኑን ከፍቶ አየ፣ ገለበጠው። "የምርሽን ነው እናቴ? በግማሽ?"

"የምሬን ነው።"

"ስልክ ቁጥርሽን ንገሪኝ፣ አሁኑኑ እልክልሻለሁ።"

ቁጥሯን ጠራች። ሁለቴ ተሳሳተች። ጋሽ ኢታናን አላየችም፤ ማየት ፈራች። ባይናገሩስ? ሰውየው ፓምፑን ይዞ ይሄዳል፣ ገንዘቡ ስልኳ ውስጥ ይገባል፣ እሷም በፀሐይ ሰው ሁሉ እያየ አደራ የበላች ሴት ትሆናለች። ከወንድሟ ቤት ወጥታ እዚህ የደረሰችው ይህን ለመሆን ነው? ጆኒ ስልኩ ላይ የሚስጥር ቁጥሩን ሲነካ አየች። "ተው" ልትለው አሰበች። ጆኒ ስልኩን ኪሱ ከተተና ካርቶኑን ብብቱ ሥር አደረገ።

"አስቀምጥ!"

የጋሽ ኢታና ድምፅ ተሰነጠቀ። ከሱቃቸው እየተደናቀፉ ወጥተው የካርቶኑን ጫፍ ያዙ። "አስቀምጥ አልኩህ! የኔ ነው። የኔ ነው ሁሉም፣ በላቤ የገዛሁት ነው!" ከዚያ ወደ ሩሃማ ሳይዞሩ፣ መሬት መሬቱን እያዩ፣ "ጻፊው" አሉ።

ሩሃማ ጻፈች። ፋኑኤል እንኳ አልሳቀም። ዘውድነሽ ከጎኗ የነበረው ግድግዳ ላይ ተደገፈች፤ ስልኳን አውጥታ ገንዘቡን ለጆኒ መለሰችለት።

የማርያምወርቅም ማንም ሳይጠራት ለሩሃማ አስመዝግባ ብርድ ልብሶቿን ከዘውድነሽ ሱቅ ልትወስድ መጣች። ጥቅሉን ከጓዳው እየጎተተች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትሳደባለች። "ሆድሽን ተቀደሽ ስትተኚ ሱቅሽን የከፈትንልሽ እኛ ነን! ወንድምሽ ነበር? መንግሥት ነበር? እኛ ነን!" ዘውድነሽ ጥቅሉን በአንድ በኩል ይዛ ረዳቻት።

ግምቱ ወጣ። የዘውድነሽ የባልዲ ሻጭ ግምት ሆነ፣ ሐምሌ ላይ ከፈለች፣ ሱቋም ሳይዘጋ ቀረ። የጋሽ ኢታናና የየማርያምወርቅ ከበደ፤ ቅጣትም ታከለበት። ጋሽ ኢታና ተወካይነቱን በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ፤ ሌላ ሰው እስኪመረጥ ድረስ ማንም ቦታውን አልፈለገውም። አንዳንዱ ዘውድነሽን "ጀግና ናት" አለ፣ አንዳንዱ "የሰው ጉድ አደባባይ ያወጣች" አለ፤ ጀግና ያሉትም ቢሆኑ ከዚያ ወዲያ ዕቃ ሊያስቀምጡባት ቀርቶ ደጇ ቆመው ለማውራት ጊዜ አጡ። ጓዳው እንደገና ባዶ ሆነ። አሁን የማንንም እጅ አታይም። ማንም ደግሞ የእሷን አያይም። ጠዋት በሩን ስትከፍት "እንዴት አደራችሁ" ትላለች፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" የሚመልስላት የጉዲሳ ድምፅ ብቻ ነው።

በዚያ ዳገት ላይ ሱቁን ቆልፎ ለአፍታ የሚወጣ ሰው የለም። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ከጓሮ፣ ራቅ ብሎ፤ ነጋዴው መሄድ ሲፈልግ ወንበሩን በሩ ላይ አጋድሞ ለጎረቤቱ "እይልኝ" ይልና ይሄዳል። ዘውድነሽ በነሐሴ አንድ ቀን በእኩለ ቀን ብድግ አለች። ወንበሩን አነሳች። "እይልኝ" የምትለው ሰው ፈለገች። የማርያምወርቅ ፊቷን ወደ ውስጥ አዞረች። ከእሷ ማዶ ጋሽ ኢታና ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የተፈታ ሞተር ያጸዳሉ። ዘውድነሽ ወንበሩን መልሳ አስቀመጠችና ከመሳቢያው ቁልፍ አወጣች። አዲስ ቁልፍ ነው፣ ከግንቦቱ ነገር ወዲህ የገዛችው። መዝጊያውን ስትስብ ድምፁ መንገዱን ሞላው።

"ተዪው ቁልፉን" አሉ ጋሽ ኢታና። ቀና አላሉም።

እጇ መዝጊያው ላይ ቆመ።

"ሂጂ። የሚነካብሽ የለም" አሉ፣ ብሎኑን እያጠበቁ። "እኔ የሰው አደራ መንገድ ላይ አልቸረችርም።"

ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። መልስ ነበራት፤ ሌሊት ስትገላበጥ ያዘጋጀችው ብዙ መልስ ነበራት፤ የካደኝ ማን ነው የሚለው ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሽ ኢታና ሞተራቸውን ወደ ጎን አድርገው ወንበራቸውን አዞሩ፤ ፊታቸው አሁን ወደ ሱቋ ነው። ዘውድነሽ መልሱን ዋጠችው። መዝጊያውን ወደ ላይ መልሳ ገፋችው፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች፣ በሩን ክፍት ትታላቸው ሄደች።